ቫይረሱ ጠፋ፤ ቀጠሮው ግን አልቀረም

ከንባቡ በፊት የምንለምዳቸው ቃላት

ቫይረስ፦ በዓይን የማይታይ፣ ሰው ገላ ውስጥ ገብቶ የሚራባ የበሽታ ጀርም ነው።
ሄፓታይተስ ሲ፦ በደም የሚተላለፍና ጉበትን ቀስ በቀስ የሚጎዳ የቫይረስ በሽታ ነው።
የጉበት ጠባሳ፦ ጉበት ለብዙ ጊዜ ሲቆስልና ሲድን ኖሮ የሚቀርበት ደረቅ ሥጋ ነው። ጠባሳው በዝቶ ጉበቱን ሲያጠነክረው ሐኪሞች «ሲሮሲስ» ይሉታል።
አልትራሳውንድ፦ በድምፅ ሞገድ አማካይነት የሆድ ዕቃን የሚያሳይ መሣሪያ ነው።
ክትትል፦ ሕመም ባይሰማም በቀጠሮ እየሄዱ መታየት ነው።

1. ሦስት መስመር የነበረው ወረቀት

እኛ ለማስተማር ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የዘመትን ተማሪዎች ነን። ፊደል ካስቆጠርናቸው ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ ገበሬ አሉ። እኛ «አባባ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም «ልጆቼ» ይሉናል።

ትምህርቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አባባ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ ሆስፒታል የሰጡኝ ነው፤ እስቲ ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አሉን። አባባ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት በሽታ ተገኝቶባቸው ለሦስት ወር በየቀኑ ክኒን ሲውጡ ቆይተው ነበር። ወረቀቱን ተሻምተን አየነው። የመጀመሪያው መስመር «ቫይረሱ በደም ውስጥ አልተገኘም» ይላል። በጣም ደስ አለን። «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎ! በሽታው ጠፍቷል። ከእንግዲህ ሆስፒታል መመላለስ ቀረልዎ» አልናቸው። ባለቤታቸው እልል አሉ። ቡና ተፈላ። እኛም ምርቃት ተቀበልን።

ወረቀቱ ግን ሦስት መስመር ነበረው። ሁለተኛው መስመር «ጉበቱ ላይ ብዙ ጠባሳ አለ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «በየስድስት ወሩ ለአልትራሳውንድ ይመለሱ» ይላል። እኛ በመጀመሪያው መስመር ስለተደሰትን የቀረውን ልብ ብለን አላነበብነውም። አባባም የተማሩ ልጆች ያሉትን አመኑ። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሁለት ቀጠሮ አለፈ። አንድ ዓመት መሆኑ ነው።

ስሕተታችንን ያገኙት ራሳቸው አባባ ናቸው። ማንበብ ሲለምዱ ቤት ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እያወጡ ይለማመዱ ጀመር። የግብር ደረሰኝ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ። አንድ ማታ ያንን ወረቀት ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ እዚህ ታች ላይ በየ... ስድስት... ወሩ የሚል መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን?» አሉን።

አልተሳሳቱም። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ይህን ትምህርት የጻፍነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከሄፓታይተስ ሲ የዳነ ሰው ሁሉ «ዳንኩ» ካለ በኋላ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው «ቫይረሱ ጠፍቷል፤ ጉበቴስ እንዴት ነው?» የሚል ነው።

2. ጉበት ምን ይሠራል?

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይገኛል። ባዋቂ ሰው ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። የበላነው ምግብ በአንጀት ከተፈጨ በኋላ በደም ተጭኖ በመጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ጉበት ነው። ጉበት ለገላ የሚጠቅመውን ያዘጋጃል፤ ያከማቻል። መርዝ የሆነውን ያከሽፋል። ቅባት የሚፈጨውን ሐሞት ይሠራል። ስንቆረጥ ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገውንም ነገር የሚሠራው እሱ ነው።

ጉበት ታጋሽ ነው። ብዙው ክፍሉ ተጎድቶ እንኳ ሥራውን ይሠራል፤ ሕመምም አያሰማም። ትዕግሥቱ ግን ለእኛ አደጋ ነው። ጥርስ ሲጎዳ ያማል፤ ስለዚህ ቶሎ እንነቀላለን። ጉበት ሲጎዳ ዝም ስለሚል ደህና ነኝ ብለን እንቀመጣለን።

የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ጉበት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይኖራል። የያዘው ሰው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ገበያ ይሄዳል። ቫይረሱ ሳይታከም ገላቸው ውስጥ ከሚቆይባቸው ከመቶ ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ጉበታቸው ይጠነክራል። የጠነከረ ጉበት ደግሞ ካንሰር ሊያበቅል ይችላል።

ይህ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1989 ነው። ስለዚህ ግኝት ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ2020 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖራሉ።

3. በሽታው እንዴት ይተላለፋል? የግብፅ ገበሬዎች ታሪክ

አባባ በሽታው ከየት እንደያዛቸው አያውቁም። በልጅነታቸው በመርፌ ተወግተዋል፤ እንጥላቸውም ተቆርጧል፤ በአንድ ምላጭም ከብዙ ሰው ጋር ተላጭተዋል። ከእነዚህ በአንዱ ሊሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ሲ የሚተላለፈው ደም ከደም ሲነካካ ነውና።

መርፌ ምን ያህል ሊያዛምተው እንደሚችል ለመረዳት የዓባይን ወንዝ ተከትለን ወደ ግብፅ እንሂድ። በግብፅ በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች ቢልሃርዝያ በሚባለው የውኃ ወለድ በሽታ ብዙ ይሠቃዩ ነበር። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በየመንደሩ የሕክምና ዘመቻ ተደረገ። መድኃኒቱ የሚሰጠው በመርፌ፣ ያውም በደም ሥር ነበር። መርፌዎቹ በደንብ ሳይቀቀሉ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይሸጋገሩ ነበር። ሰዎቹን ለማዳን የተደረገው ዘመቻ ሳይታወቅ ሌላ በሽታ አሰራጨ። ግብፅም በሄፓታይተስ ሲ ብዛት ከዓለም አገሮች ሁሉ የላቀች ሆነች።

ግብፃውያን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከጥቅምት ወር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረመሩ። በሽታው የተገኘበትንም ሰው በነፃ አከሙ። በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅት ግብፅ ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን መሰከረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ለማዳን ተብሎም ቢሆን ይገድላል። ሁለተኛ፣ በሽታው ሊጠፋ የሚችል ነው።

በሽታው የማይተላለፍበትንም መንገድ እንወቅ። በአንድ ገበታ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት፣ በመጨባበጥና በመሳሳም አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመን ሰው ሳህንና ኩባያ መለየት አያስፈልግም። የአባባ ባለቤት ይህን ሳያውቁ የአባባን ኩባያ ለይተው በመደርደሪያ ጥግ አስቀምጠው ነበር። ለዓመታት አብረው የበሉ ባልና ሚስት በማይረባ ፍርሃት ተለያይተው ቡና ጠጡ። ሲነገራቸው ግን ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉት።

4. ቫይረሱ መጥፋቱ በምን ይታወቃል?

ቀድሞ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት በመርፌ ነበር፤ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ ገላን ያደክማል። ይድኑ የነበሩትም ከሁለት ሰው አንዱ ያህል ናቸው። ከ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ግን ሶፎስቡቪርን የመሰሉ የሚዋጡ ክኒኖች ወጡ። አብዛኛው ሰው ለ12 ሳምንት ይውጣል። በትክክል ከሚውጡት ከመቶ ሰዎች ከ95 የማያንሱት ቫይረሱ ፈጽሞ ይጠፋላቸዋል።

መጥፋቱ የሚረጋገጠው ክኒኑ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚደረግ የደም ምርመራ ነው። ይህ ምርመራ ራሱን ቫይረሱን ይፈልጋል። ካልተገኘ ሰውየው ከቫይረሱ ድኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። አንደኛው ከጣት ደም ተወስዶ ቶሎ የሚታየው ነው። ይህ የሚያሳየው ገላችን ከቫይረሱ ጋር ተዋግቶ እንደነበር ነው። ጅብ ሄዶም ዱካው እንደሚቀር ሁሉ፣ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ይህ ምርመራ ለዕድሜ ልክ «አለ» እያለ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የዳነ ሰው በሌላ ቦታ ሲመረመር «አለብህ» ቢባል መደንገጥ የለበትም። «ታክሜ ነበር፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ይደረግልኝ» ብሎ የቀድሞውን ወረቀት ያሳይ።

ሌላም ነገር አለ። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም። አንድ ጊዜ መዳንም ከዳግመኛ መያዝ አያድንም። የዳነ ሰው በቆሸሸ መርፌ ቢወጋ ወይም በሌላ ሰው ደም በተነካካ ምላጭ ቢቆረጥ እንደገና ሊያዝ ይችላል።

5. ጎርፉ ቆመ፤ ቦረቦሩስ?

ስሕተታችንን ካወቅን በኋላ የጉበትን ጠባሳ ነገር ለአባባ ለማስረዳት ብዙ ደከምን። ሥዕል ሣልን፤ ከመጽሐፍ አነበብን። አባባ ሰምተው ሰምተው እንዲህ አሉ፦

«ገባኝ። የታችኛው ማሳዬን ጎርፍ ቦረቦረው። ከላይ እርከን ሠርቼ ጎርፉን አቆምኩት። ቦረቦሩ ግን አለ። ከብት ካልረገጠው ሣር እያበቀለ ቀስ ብሎ ይሞላል። ዞር ብዬ ካላየሁት ግን በክረምት አንድ ቀን ይናድና ማሳውን ይዞት ይሄዳል።»

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኛም አልነበረንም። ቫይረሱ ጎርፉ ነው። ክኒኑ እርከን ነው። ጠባሳው ደግሞ ቦረቦሩ ነው። ጎርፉ ሲቆም ጉበት ማገገም ይጀምራል። ቀላል ጠባሳ ሊጠፋ ይችላል፤ ከባዱም በዓመታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። የጉበት ካንሰር የመነሣቱ ዕድልም በብዙ እጅ ይቀንሳል። ፈጽሞ ግን አይጠፋም። አስቀድሞ ጉበቱ የጠነከረበት ሰው ቫይረሱ ከጠፋለት ከዓመታት በኋላም ካንሰር ሊነሣበት ይችላል።

ታዲያ የዳነ ሰው ሁሉ በየስድስት ወሩ ይመላለስ ማለት ነው? አይደለም። ጉበቱ ጠባሳ የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት ሰው፣ ሌላ የጉበት ችግር ከሌለው፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይኖራል። በየስድስት ወሩ መታየት ያለበት ጠባሳው የበዛበት ወይም ጉበቱ የጠነከረበት ሰው ነው። የትኛው ወገን እንደሆንን በመልካችን ወይም በጉልበታችን ልናውቅ አንችልም። ሐኪሙ ግን በደም ምርመራ ውጤት አስልቶ ወይም የጉበትን ጥንካሬ በሚለካ መሣሪያ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ጉበቴ ላይ ጠባሳ አለ ወይ? ምን ያህል ነው? ክትትል ያስፈልገኛል ወይ?»

6. ስድስት ወር ለምን ሆነ?

አባባም ይህንኑ ጠይቀውናል። «በዓመት አንዴ ቢሆን ምናለበት? መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የጉበት ካንሰር ሲጀምር እንደ ሽንብራ ያለች ትንሽ ዕጢ ነው። አይታመምም፤ በእጅም አይዳሰስም። ብዙውን ጊዜ ዕጢው እጥፍ ለመሆን ጥቂት ወራት ይበቃዋል። በየስድስት ወሩ የሚታይ ሰው ላይ ዕጢ ቢነሣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሳለ ሊደረስበት ይችላል። በዚህ ጊዜ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ወይም በሙቀት ሊቃጠል ይችላል። ሕመም እስኪሰማ የተጠበቀ እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ካደገና ከተሰራጨ በኋላ ነው የሚታወቀው። ያን ጊዜ ማዳን በጣም ያስቸግራል።

አረም ገና ሁለት ቅጠል ሳለ በጣት ይነቀላል። ዘር ካፈሰሰ በኋላ ግን በሞፈርም አይቻልም። የስድስት ወሩ ምክንያት ይኸው ነው።

7. በምርመራው ቀን ምን ይደረጋል?

ከማያውቁት ነገር መፍራት ያለ ነው። አባባም «ይቀዱኝ ይሆን?» ብለው ፈርተው ነበር። የአልትራሳውንድ ምርመራ ግን አያምም፤ አይቆርጥምም፤ አይወጋምም።

ሰውየው ጥቂት ሰዓት ምግብ ሳይበላ ይሄዳል። ስለዚህ ሌሊት ተነሥቶ የሚጓዝ ሰው ቁርሱን ቋጥሮ ይዞ ከምርመራው በኋላ ይብላ። አልጋ ላይ ይተኛል። ሆዱ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባል። ሐኪሙ ትንሽ መሣሪያ በሆዱ ላይ ያንሸራትታል። መሣሪያው ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ውስጥ ይልካል። ገደል ስር ቆመን ስንጮህ ድምፃችን ተመልሶ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ያ ድምፅ ከጉበቱ ላይ ተመልሶ ይመጣል። መሣሪያው የተመለሰውን ድምፅ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። ጊዜውም ቡና አንዴ ከሚፈላበት አይበልጥም።

ከዚህም ሌላ ደም ይወሰዳል። የደም ምርመራው ጉበት ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ለካንሰር ምልክት የሚሆን አልፋ ፌቶፕሮቲን የሚባል ነገርም በደም ውስጥ ሊፈለግ ይችላል።

ጉበታቸው በጣም የጠነከረ ሰዎች ሌላም ችግር አለባቸው። የተደፈነ ቦይ ውኃውን ወደ ጎን እንደሚገፋ ሁሉ፣ የጠነከረ ጉበት ደሙን ወደ ኋላ ይገፋል። በዚህ ጊዜ በምግብ ቧንቧ ላይ ያሉ የደም ሥሮች ያብጣሉ። ከፈነዱ ብዙ ደም ይፈሳል። ሐኪሙ እነዚህን ደም ሥሮች ለማየት በአፍ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ሊመረምር፣ ወይም በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መድኃኒቱ «ተሻለኝ» ተብሎ አይቋረጥም።

8. በቤት የምናደርገው ጥንቃቄ

ሀ. አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅና ቢራ ይቅር። ጉበቱ ጠባሳ ላለበት ሰው ጥቂትም ቢሆን ጉዳት አለው። በደቦና በማኅበር «አንዲት ጽዋ ብቻ» ብሎ መለመን የአገራችን ልማድ ነው። ልመናው በፍቅር ነው፤ ጉዳቱ ግን አይቀርም። ለእንዲህ ያለ ሰው ውኃ፣ ያልፈላ ብርዝ ወይም ቡና ይቅረብለት። ቡና ለጉበት አይከፋም፤ እንዲያውም ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ የሚታየው ጠባሳ አነስተኛ መሆኑ በብዙ ጥናት ታይቷል።

ለ. የሻገተ እህል አይበላ። የሻገተ በቆሎ፣ ማሽላና ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በማጠብና በመቀቀል ተጠርጎ አይጠፋም። ስለዚህ እህል በደንብ ደርቆ፣ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሐ. ከሐኪም ምክር ውጭ መድኃኒት አይዋጥ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ጉበቱ ለጠነከረ ሰው አደገኛ ናቸው። ፓራሲታሞልም ከመጠን ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። «ለወፍ በሽታ» ተብለው ከሚጠጡ ሥራሥሮችና ቅጠሎችም ጉበት የሚጎዱ አሉ። የአባቶቻችን መድኃኒት ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ የደከመ ጉበት ግን መጠኑ ያልታወቀ ነገር አይችልም።

መ. ምግብ አይቀነስ። አንዳንድ ሰው የጉበት በሽተኛ እንቁላልና ወተት አይብላ ይላል። ትክክል አይደለም። ጉበቱ የጠነከረ ሰው ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል። ሆዱ ወይም እግሩ የሚያብጥ ከሆነ ግን ጨው ይቀንስ። ረጅም ጾም የሚጾም ሰው ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይመካከር።

ሠ. የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረግ። ይህኛው ሌላ የጉበት ቫይረስ ነው። ለእሱ ግን ክትባት አለው።

9. ቀጠሮ ሳይጠበቅ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ የታየበት ሰው ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቅ። በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ደም ማስታወክ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤
የዓይን ቢጫ መሆን፤
የሆድ መነፋት ወይም የእግር ማበጥ፤
ቀን ማንቀላፋት፣ ነገር መርሳት፣ መቀባጠር።

የመጨረሻው ምልክት በተለይ የቤተሰብ ነገር ነው። ሕመምተኛው ራሱ አያውቀውም። «ዛር ነው» ወይም «እርጅና ነው» ብለን እንዳናልፈው። ጉበት መርዝ ማጣራት ሲያቅተው አእምሮን ያውካል።

10. ቀጠሮን እንዴት እንያዝ?

በገጠር ቀጠሮ የሚያስቀሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው መንገድ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው የእርሻ ሥራ ነው። አራተኛው ደግሞ «ደህና ነኝ» ማለት ነው።

አባባና ባለቤታቸው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ዓመቱን አሰሉት። ጥር ላይ ቢሆን ገንዘብ አለ፤ ስድስተኛው ወር ግን ሐምሌ ላይ ይውላል፤ ወንዝ ይሞላል። ሰኔ ላይ ዘር አለ። ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናብ ሳይጠና፣ ኅዳር መጨረሻ ደግሞ ዋናው አጨዳ እንዳለፈ እንዲሆን መረጡ። ሐኪም ቤቱም እንዲህ ያለውን ምክንያት ቢነገረው ቀኑን ጥቂት ሊያሸጋሽግ ይችላል። ለግንቦቱ ጉዞ አንድ በግ ተለየች። በዚያ ሰሞን የእርሻውን ሥራ የሚያግዝ ጎረቤትም ተገኘ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደግሞ ደብተሩን ያሳድስ፤ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይያዝ፤ ምን ምን እንደሚሸፈንለትም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወረቀቶችን በአንድ ላይ ማኖር ያስፈልጋል። ሐኪሙ የዛሬውን ሥዕል ከአምናው ጋር ማስተያየት ይፈልጋልና። ቀጠሮውን ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል።

11. የአባባ ቀጠሮ

ኅዳር መጨረሻ ላይ አባባን ይዘን ሄድን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። መኪና እስከምናገኝበት ድረስ ሦስት ሰዓት በእግር ተጓዝን። በመንገድ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። በእኛ ምክንያት ባለፈችው ዓመት ውስጥ አንዲት ዕጢ ተነሥታ ቢሆንስ?

አባባ ወደ ምርመራው ክፍል ገቡ። እኛ በር ላይ ተቀመጥን። ፈተና ውጤት ስንጠብቅ እንኳ እንዲህ አልፈራንም።

ሐኪሟ ጠሩን። «ዕጢ አልታየም» አሉ። ከዚያም ወደ አባባ ዞረው «ግን አባቴ፣ ዓመት ሙሉ የት ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። አባባ እኛን አየት አደረጉና «መንገዱ ርቆብኝ ነው» አሉ። አልከሰሱንም። እኛ ግን መሸከም አልቻልንም። እውነቱን ነገርናቸው። ሐኪሟ አልተቆጡም። «ዘንድሮ ዕድል ነው። ለከርሞ በዕድል አንመን» ብቻ አሉ። አዲስ የቀጠሮ ወረቀትም ሰጡ።

እኛ ወረቀቱን ለማንበብ እጃችንን ዘረጋን። አባባ ግን «ተዉት» አሉን። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ ሰው በሚተራመስበት በረንዳ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ግንቦት 20» ብለው አነበቡ። በዚህም አላበቁም። ወደ ታች ወርደው የቀሩትን ሁለት መስመሮች አነበቡ። ከዚያም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እንዲህ አሉን፦

«እስከ መጨረሻው ነው የሚነበብ፤ አይደለም ወይ ልጆቼ?»

«ነው፣ አባባ» አልናቸው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በወረቀቱ ላይ የነበሩት ሦስት መስመሮች ምን ይላሉ? ተማሪዎቹ የተሳሳቱት የትኛውን ባለማንበባቸው ነው?
2. ሄፓታይተስ ሲ በምን ይተላለፋል? በምንስ አይተላለፍም?
3. አባባ ጎርፍና ቦረቦር ያሉት ምንን ለመግለጽ ነው?
4. ከሄፓታይተስ ሲ የዳነ ሰው ሁሉ በየስድስት ወሩ መታየት አለበት ወይ? ምክንያቱን ተናገሩ።
5. ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ሦስት ምልክቶችን ጻፉ።
6. ለቤታችሁ ሰው በየስድስት ወሩ ቀጠሮ ቢሰጠው የትኞቹን ሁለት ወራት ትመርጣላችሁ? ለምን? በቡድን ተወያዩበት።
7. ቤታችሁ ካለው የሕክምና ወረቀት አንዱን አውጡ። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አንብቡ። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበትና ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጠይቁ።